የጠመንጃ ስምና የጠመንጃ ማኅተም
በአሮጌ የጦር ጠመንጃዎች ላይ ስለሚገኙ ምልክቶች ንባብና ስያሜ

መግቢያ

በታሪክ ጽሑፎቻችን፣ በቀረርቶና በፉከራ፣ በአርበኞች ትዝታ፣ በኑዛዜና በውርስ ሰነዶችም ጭምር የጠመንጃ ስም በብዛት ይገኛል። ሰናድር፣ ሬሚንግተን፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ የሚሉት ስሞች ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። ሆኖም እነዚህን ስሞች ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ ወይም በመዝገበ ቃላት ፍች ሊሰጣቸው የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ ይወድቃል። አንደኛው «የጠመንጃ ዓይነት» ብሎ ማለፍ ነው። ይህ ፍች ሐሰት ባይሆንም ለማንም አይጠቅምም። ሁለተኛው ስሙን ያለ ምርመራ ከአንድ የውጭ አገር ፋብሪካ ሥራ ጋር ማስተካከል ነው። ይህኛው ከፊተኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም እርግጠኛ መስሎ ስለሚታይ አንባቢውን ያሳስታል።

በሌላ በኩል ጠመንጃው ራሱ ይናገራል። በብረቱና በእንጨቱ ላይ ፊደል፣ አኃዝ፣ ዘውድ፣ ንስር፣ አንበሳ፣ ቀስት ተመትቶበታል። እነዚህ ምልክቶች መሣሪያውን ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ፈተነው፣ ማን እንደ ተረከበው፣ መቼም እንደ ተለወጠ ያመለክታሉ። ነገር ግን ሕዝቡ ጠመንጃውን ማን ብሎ እንደ ጠራው አይናገሩም። ስለዚህ ስሙና ማኅተሙ ሁለት የተለያዩ ምስክሮች ናቸው። አንዱ የሌላውን ቃል ሊያጸና ይችላል፤ በሌላው ቦታ ግን ሊቆም አይችልም። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። በመጨረሻም ለምልክቶቹ መጠሪያ የሚሆኑ የአማርኛ ቃላትን እናቀርባለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልንበት ሁሉ የኢትዮጵያን፣ «እ.ኤ.አ.» ያልንበት የአውሮፓን አቆጣጠር ያመለክታል። በምንጠቅሳቸው ጠመንጃዎች ላይ የተመቱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ስሞቹ የመጡበት መንገድ

የጦር መሣሪያ ቃሎቻችን በአንድ ጊዜና ከአንድ አቅጣጫ የመጡ አይደሉም። ጥንታውያኑ የቀይ ባሕርን ንግድ ተከትለው የገቡ ናቸው። ነፍጥ የሚለው ቃል የዐረብኛ ሲሆን በመጀመሪያ የሚነድ ዘይትን፣ በኋላም ባሩድን ያመለክት ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን የመሣሪያው ስም ሆነ። ባሩድና መድፍም እንዲሁ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ጠመንጃ ደግሞ በቱርክኛ ሽጉጥን ከሚያመለክተው «ታባንጃ» ከሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል የገባ ነው። «ጠበንጃ» የሚለው የቀድሞ አነጋገር ይህንን ምንጩን ጠብቆ ያሳያል። በኋላ «በ» ከተከታዩ «ን» ጋር በአፍንጫ ድምፅ ተስማምቶ «መ» ሆኗል። እነዚህ ሁሉ የወል ስሞች እንጂ የአንድ መሣሪያ የተጸውዖ ስሞች አይደሉም።

ከ19ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። በአውሮፓና በአሜሪካ ጠመንጃ በየዐሥር ዓመቱ ይሻሻል ጀመር። እያንዳንዱ መሻሻል የአንድን ሠሪ ወይም የአንድን መኰንን ስም ተሸክሞ ወጣ። የአሜሪካዊው የጃኮብ ስናይደር፣ የፈረንሳዊው መኰንን የባዚል ግራ፣ የኦስትርያዊው የፈርዲናንድ ማንሊኸር ስሞች በዚህ መንገድ የመሣሪያ ስም ሆኑ። ከዚያም በጦርነትና በንግድ አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ በአማርኛ የድምፅ ሥርዓት ተለወጡ። ስናይደር ሰናድር ሆነ፤ አማርኛ በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢዎችን ደርቦ ማንበብ ስለማይወድ በመካከላቸው አናባቢ ገባ። ማንሊኸር ከሚለው የጀርመንኛ ስም ምንሽር ተገኘ፤ በጀርመንኛው በትናጋ ፊት የሚነገረው የ«ኸ» ድምፅ በአማርኛ የሚቀርበው «ሽ» ነውና።

በዚህ ረገድ እጅግ አስተማሪው ውጅግራ ነው። ምንጩ ፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ»፣ ማለትም «የግራ ጠመንጃ» ነው። በፈረንሳይኛ አጻጻፍ የመጀመሪያው ቃል በ«ል»፣ የሁለተኛው ቃል ደግሞ በ«ስ» ይጨርሳል። ሁለቱም ፊደላት ይጻፋሉ እንጂ አይነበቡም። በአማርኛው ስም ውስጥም ሁለቱም የሉም። እንግዲህ ይህ ቃል በዓይን ተነብቦ ሳይሆን በጆሮ ተሰምቶ የገባ ነው። ፈረንሳይኛ ከሚናገር ሰው አፍ የወጣው ድምፅ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንደ ተያዘ ቀርቷል።

ይህንን ሐሳብ ብረቱ ራሱ ያጸናዋል። በጠመንጃው የጥይት ማጉረሻ ክፍል በግራ ጎን የተቀረጸው ጽሑፍ «የሴንት ኤቲየን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ሞዴል 1874» የሚል ነው፤ የፋብሪካው ስም በሌሎቹ ላይ ሻቴልሮ ወይም ቱል ሊሆን ይችላል። «ግራ» የሚለው ስም ግን በላዩ አይገኝም። የፈረንሳይ መንግሥት መሣሪያውን የሚጠራው በሞዴል ዓመት እንጂ በሠሪው ስም አልነበረም። ከእርሱ በኋላ የመጣውና «ሌበል» ተብሎ የታወቀው የ1886 ሞዴል ጠመንጃም በብረቱ ላይ ሌበል የሚል ጽሑፍ የለበትም። ስለሆነም ውጅግራን በእጁ ይዞ «ግራ» የሚል ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው አያገኝም፤ ባለማግኘቱም ስሙ የተሳሳተ ነው ብሎ መደምደም የለበትም።

በልጅግ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሊዬዥ ከተማ አጠገብ በሄርስታል እ.ኤ.አ. በ1889 የተቋቋመው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በጠመንጃዎቹ ጎን የራሱንና የከተማውን ስም ጽፎ በመጨረሻ «ቤልዢክ» በሚለው የአገሩ ስም ይዘጋል። የአማርኛው ስም ከዚህ የመጨረሻ ቃል ጋር ይገጥማል። ይሁን እንጂ የአገሩ ስም በአማርኛ አስቀድሞ ይታወቅ ስለ ነበር የስሙ ምንጭ ማኅተሙ ብቻ ነው አንልም። የምንለው በዚህኛው ስምና ብረት ሲስማሙ በውጅግራ ግን እንደማይገናኙ ነው። የቃል አጥኚ ይህን ልዩነት በየስሙ መርምሮ ማስፈር ይገባዋል።

2. በአንድ ብረት ላይ ብዙ ዓመታት

በአሮጌ ጠመንጃ ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ሲታይ «የተሠራበት ዓመት ነው» ማለት ይቀናል። ይህ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ነው። በብረት ላይ የሚገኝ ዓመት ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል።

የመጀመሪያው የሞዴል ዓመት ነው። በውጅግራ ላይ ያለው 1874 ዓይነቱ በመንግሥት የጸደቀበት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 የተሠራውም ጠመንጃ ይህንኑ ቁጥር ይይዛል። የተሠራበት ዓመት የሚገኘው በቱቦው ላይ፣ ከማጉረሻው ክፍል አጠገብ፣ የፋብሪካውን ከተማ ከሚያመለክት ፊደል ጋር ነው። በተጨማሪም «ሞዴል 1866–74» የሚል የተቀረጸበት አለ። ይህ ቀድሞ ሻስፖ ይባል የነበረውና በወረቀት ቀለህ ይተኩስ የነበረው ጠመንጃ ለብረት ቀለህ እንዲሆን የተለወጠ መሆኑን ያመለክታል። «ኤም 80» የሚል ምልክት የተጨመረበት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1880 የተወሰነውን ማሻሻያ የተቀበለ ነው። ሕዝቡ እነዚህን ሁሉ በአንድነት ውጅግራ ብሎ ጠርቷቸዋል።

ሁለተኛው የፈጠራ መብት ዓመት ነው። በሬሚንግተን ጠመንጃ ላይ፣ ከመዝጊያው በስተኋላ ባለው ብረት፣ የድርጅቱ ስምና በኒው ዮርክ ግዛት የምትገኘው የኢሊዮን ከተማ ስም ተጽፎ ከሥሩ «ግንቦት 3 እና ኅዳር 15 ቀን 1864፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1866» የሚል ይነበባል፤ ወሮቹና ቀኖቹም የአውሮፓ ናቸው። እነዚህ ቀኖች የፈጠራው መብት የተሰጠባቸው እንጂ መሣሪያው የተሠራባቸው አይደሉም። የግብፅ መንግሥት ሬሚንግተንን በብዛት ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ ትእዛዙም በኋለኞቹ ዓመታት ተፈጸመ። በጉንደትና በጉራ ጦርነቶች ከግብፅ ሠራዊት የተማረከ ሬሚንግተን «1866» የሚል ቢነበብበት፣ በዚያ ዓመት ተሠርቷል ብሎ መጻፍ በብረቱ ላይ ያልተጻፈውን ማንበብ ነው።

ሦስተኛው ከለውጥ በፊት የነበረ ዓመት ነው። የእንግሊዝ ጦር ስናይደርን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ የመጀመሪያዎቹ ስናይደሮች እንደ አዲስ የተሠሩ አልነበሩም፤ በአፈሙዝ ይጎርስ የነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ በስተኋላው ተቆርጦ በኋላ እንዲጎርስ የተደረገበት ነው። በመምቻው ጎን ብረት ላይ ከዘውዱ ጋር የተመታው ዓመት ግን እንደ ነበረ ቀርቷል። ስለዚህ በሰናድር ላይ 1861 ወይም 1862 ቢገኝ አያስደንቅም። ዓመቱ የኤንፊልድ እንጂ የሰናድር አይደለም። የኢጣሊያ ቬተርሊም እንዲሁ ነው። የ1870 ሞዴል የሆነው ይህ ጠመንጃ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ነበር። ከ1887 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አራት ጥይት የሚይዝ የቪታሊ ካዝና ተጨመረለት። በቱቦው ላይ «ቶሪኖ» ወይም «ቶሬ አኑንዚያታ» ከሚለው የፋብሪካ ስም ጋር ያለው የ1870ዎቹ ዓመት ግን አልተነካም። በዐድዋ በኢጣሊያ ወታደሮች እጅ በብዛት የነበረው ይኸው የተለወጠው ቬተርሊ ነው። ዓመቱን ብቻ አይቶ ካዝናውን ያላየ ሰው ጠመንጃውን በዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያስረጀዋል።

አራተኛው የርክክብ ዓመት ነው። በኦስትርያ የ1895 ሞዴል ማንሊኸር ላይ የፋብሪካው ስም «ሽታየር፣ ኤም 95» ተብሎ በማጉረሻው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከእርሱ ራቅ ብሎ በቱቦው ላይ የቪየና ከተማ አጽሕሮት፣ ባለ ሁለት ራስ ንስርና የዓመቱ ሁለት የመጨረሻ አኃዞች ተመትተዋል። እዚህ ላይ 95 የሞዴሉ፣ ለምሳሌ 97 ደግሞ መንግሥት ጠመንጃውን መርምሮ የተረከበበት ዓመት ነው። ሁለቱም በሁለት አኃዝ ስለሚጻፉ አንዱን በሌላው መተካት ይቀላል።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሆነና በብረት ላይ ፈጽሞ የማይጻፍ ዓመት አለ። እርሱም መሣሪያው ኢትዮጵያ የገባበት ዓመት ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ሌበልን ስትቀበል ውጅግራ ከሠራዊቷ የተረፈ ዕቃ ሆነ፤ ለውጭ ገበያም ቀረበ። በ1887 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ገጣሚው አርቱር ራምቦ ወደ ሸዋ ይዞት የመጣው የነጋዴ ጭነት ወደ ሁለት ሺህ የሚደርሱ በካፕሱል የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ነበሩበት፤ በአውሮፓ ሠራዊቶች ዘንድ ካረጁ ብዙ ዓመት የሆናቸው ናቸው። የተሠራበት ዓመትና የገባበት ዓመት በብዙ ሊራራቁ እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን። የገባበትን ጊዜ የሚነግረን ሰነድና የሰው ቃል እንጂ ብረት አይደለም።

3. ሠሪ፣ ፈታኝ፣ ባለቤት

ዓመት የሌላቸው ምልክቶችም በትርጉም ሥራ ላይ ብዙ መደናገር ያስከትላሉ። የዚህም ምክንያት «ምልክት» ወይም «ማኅተም» የሚለው አንድ የአማርኛ ቃል ለሁሉም ስለሚሠራ ነው።

የሊዬዥን የፈተና ማኅተም እንመልከት። በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል እና ጂ የተባሉት የላቲን ፊደላት ከኮከብ ጋር ይታያሉ። ትርጉማቸው «የሊዬዥ ፈተና» ማለት ነው። ይህ ማኅተም ቱቦው ከተለመደው በበለጠ ባሩድ ተተኩሶበት ሳይፈነዳ ማለፉን ይመሰክራል እንጂ ሠሪውን አይነግርም። በሊዬዥ ዙሪያ እጅግ ብዙ ጠመንጃ ሠሪዎች ነበሩ፤ ሁሉም መሣሪያቸውን ለዚሁ ፈተና ያቀርቡ ነበር። ስለዚህ ይህን ማኅተም አይቶ «የሄርስታል ፋብሪካ ሥራ» ብሎ መተርጐም ፈታኙን ሠሪ ማድረግ ነው። ማኅተሙ ለጊዜ መለያም ይጠቅማል። ከሞላላው በላይ ዘውድ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው፤ ዘውድ የሌለበት ከዚያ በፊት የተፈተነ ነው።

ዘውድ ብቻውን ግን አገር አይለይም። በእንግሊዝ መሣሪያ ላይ ዘውዱ ከንግሥት ቪክቶሪያ የስም ፊደላት በላይ ይገኛል፤ በኢጣሊያ ላይ የሳቮያ ዘውድ ነው፤ በሊዬዥ የፈተና ጽሕፈት ቤቱ ነው። ስለዚህ በቤተ መዘክር መግለጫ «የዘውድ ምልክት ያለበት» ብሎ ማቆም ምንም እንዳልተናገሩ ያህል ነው። ከዘውዱ ሥርና ጎን ያሉት ፊደላት አብረው መጻፍ አለባቸው። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት መለያ ደግሞ ሰፊ ራስ ያለው ቀስት ነው። ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ተፋጥጠው ሲገኙ መሣሪያው ከመንግሥት አገልግሎት ወጥቶ የተሸጠ መሆኑን ያመለክታሉ። በጦርነት በተማረከና በንግድ በመጣ ሰናድር መካከል ላለው ልዩነት ይህች ትንሽ ምልክት ማስረጃ ልትሆን ትችላለች።

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ መንግሥት ትእዛዝ በሄርስታል የተሠሩት ጠመንጃዎች በማጉረሻቸው ላይ የይሁዳ አንበሳ ተመትቶባቸዋል። በጎናቸው ደግሞ የፋብሪካው ስም አለ። አንበሳው የባለቤቱ፣ ጽሑፉ የሠሪው ነው። አንበሳውን አይቶ በአገር ውስጥ የተሠራ ነው የሚል፣ ወይም የፋብሪካውን ስም አይቶ የቤልጅግ ሠራዊት ጠመንጃ ነው የሚል፣ ሁለቱም ከግማሹ ምስክር ብቻ የፈረዱ ናቸው።

መለያ ቁጥርም ጥንቃቄ ይሻል። በፈረንሳይ ጠመንጃዎች ቁጥሩ ከፊቱ ፊደል አለው፤ ፊደሉም የቁጥሩ አካል ነው። ቁጥሩን ጽፎ ፊደሉን የሚተው ገልባጭ መሣሪያውን ከሌላ መሣሪያ ጋር ይቀላቅለዋል። ቁጥሩ በመዝጊያው፣ በቱቦውና በሌሎቹ ክፍሎች ላይ ተደጋግሞ ይመታል። ቁጥሮቹ ካልተስማሙ መሣሪያው ከተለያዩ ጠመንጃዎች ክፍሎች ተገጣጥሞ የተጠገነ ነው። ይህም ራሱ ታሪክ ስለሆነ በመግለጫ ውስጥ መታለፍ የለበትም።

4. የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ

ኢትዮጵያዊ ተርጓሚ ከሌሎች ይልቅ ተጨማሪ ችግር አለበት። ሁለቱ አቆጣጠሮች በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለያዩ አንድ ቁጥር ሁለት የታወቁ ታሪኮችን ሊያመለክት ይችላል። «የ1868 ጦርነት ጠመንጃ» የሚል ሐረግ ቢገጥመን ምን ማለት ነው? በአውሮፓ አቆጣጠር 1868 የመቅደላ ዓመት ነው፤ የእንግሊዝ ወታደሮች ስናይደርን ይዘው መጥተዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን 1868 የጉንደትና የጉራ ዓመት ነው፤ በግብፅ ሠራዊት እጅ የነበረው ሬሚንግተን ነው። አቆጣጠሩን ያልገለጸ ተርጓሚ ጠመንጃውን፣ ጠላቱንና የጦርነቱን ቦታ በአንድ ጊዜ ለውጦ ይጽፋል።

1888ም እንዲሁ ነው። በኦስትርያ በኩል የ1888 ሞዴል ማንሊኸር አለ፤ በእኛ ዘንድ 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዓመት ነው። «ምንሽር 1888» የሚል ማስታወሻ የሞዴሉን ስም ወይም የተያዘበትን ጊዜ ሊያመለክት ይችላል። የትኛው እንደ ሆነ የሚወሰነው ከዐውዱና ከብረቱ ነው።

የፋሺስት ኢጣሊያ መሣሪያዎች ሦስተኛ አቆጣጠር ይጨምሩብናል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ብዙ ጠመንጃዎች ላይ ከተለመደው ዓመት አጠገብ በሮማውያን ቁጥር የፋሺስት ዘመን ዓመት ተጽፏል። ይህ ዘመን የሚቆጠረው ከጥቅምት 1922 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ስለሆነ ዓመቱ የሚለወጠው በአውሮፓውያን ኦክቶበር ወር መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ 1936 ከ14 ጋር ቢጻፍ ከዚያ ዓመት መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ፣ ከ15 ጋር ቢጻፍ ደግሞ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ሁለት ወራት የተሠራ ነው። የማይጨው ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1936) ነው። ቱቦው 1936 እና 15 የተመታበት ጠመንጃ፣ ቱቦው በኋላ ያልተለወጠ እስከ ሆነ ድረስ፣ በማይጨው የተማረከ ሊሆን አይችልም። አንዲት የሮማውያን ቁጥር ይህን ያህል ትፈርዳለች። እርሷን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ሳይገለብጥ የሚያልፍ ሰው የማስረጃውን ዋና ክፍል ጥሎታል ማለት ነው።

5. የምንሽር ጉዳይና የምስክሩ ቃል

ከላይ የተናገርነው ሁሉ በአንድ ቃል ላይ ተሰብስቦ የሚታየው በምንሽር ነው። እንበልና አንድ አርበኛ በትዝታው «ከጠላት ምንሽር ማረክሁ» ብሏል። ተርጓሚው «የኦስትርያ ማንሊኸር» ብሎ ጻፈው። የትርጉሙ አንባቢ ደግሞ «የኢጣሊያ ሠራዊት ጠመንጃ ካርካኖ እንጂ የኦስትርያ ማንሊኸር አይደለም፤ ስለዚህ ባለ ታሪኩ ተሳስቷል» ብሎ ምስክሩን ጣለው። ጥፋቱ ግን የባለ ታሪኩ አይደለም።

ይህ ክርክር በሁለት መንገድ ይፈርሳል። አንደኛ፣ የኢጣሊያ የ1891 ሞዴል ጠመንጃ ጥይቱን በማንሊኸር ዓይነት ማቀፊያ ይጎርስ ስለ ነበር በአውሮፓም ጭምር «ማንሊኸር ካርካኖ» ይባል ነበር። ሁለተኛ፣ ኢጣሊያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦስትርያ ያገኘችውን የ1895 ማንሊኸር ለቅኝ ግዛት ወታደሮቿ አስታጥቃለች። ከእነዚህ ጠመንጃዎች በአንዳንዶቹ እንጨት ላይ «የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ» የሚለው ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ተመትተዋል። በዚህ ስም የተጠራው አስተዳደር የነበረው እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ነው። እንግዲህ በአንድ ጠመንጃ ብረት ላይ የቪየና ንስርና 97፣ በእንጨቱ ላይ ደግሞ ከ1936 ወዲህ የሆነ የኢጣሊያ ምልክት ሊገኝ ይችላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የመጀመሪያው የልደቱ፣ ሁለተኛው የአገልግሎቱ ምስክር ነው።

ስለዚህ ምንሽር በአርበኛው አፍ ሁለቱንም ሊሸፍን ይችላል። የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ መሣሪያው ከተገኘ ማኅተሙን፣ ካልተገኘ ጥይቱን መመርመር ነው። የኢጣሊያው የ1891 ሞዴል 6.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ማቀፊያ ስድስት ጥይት፣ የኦስትርያው 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን አምስት ጥይት ይይዛል። ባለ ታሪኩ «ስድስት ጎራሽ» ወይም «አምስት ጎራሽ» ብሎ ከሆነ ነገሩ ያን ጊዜ ይለያል። ካላለ ግን ተርጓሚው «ምንሽር» የሚለውን ስም እንዳለ አስቀምጦ በግርጌ ማስታወሻ ማብራራት ይገባዋል። ያልተነገረውን መጨመር ትርጉም አይደለም፤ በሰው ምስክርነት ላይ የራስን ቃል መጻፍ ነው።

6. ለስያሜ የሚቀርቡ ቃላት

በእነዚህ ምክንያቶች «ምልክት» የሚለውን የወል ቃል እንደ ጠበቅን፣ በሥሩ የሚከተሉት እንዲለዩ እናሳስባለን።

ሀ. የሠሪ ምልክት፦ የፋብሪካውን ወይም የሠሪውን ስም የሚገልጽ ጽሑፍ ወይም ሥዕል።
ለ. የሞዴል ዓመት፦ የመሣሪያው ዓይነት የጸደቀበት ዓመት። «ሞዴል» የሚለው ቃል በአማርኛ ስለ ለመደ ሌላ መፍጠር አያስፈልግም።
ሐ. የሥራ ዓመት፦ ያ አንዱ መሣሪያ የተሠራበት ዓመት።
መ. የፈጠራ መብት ዓመት፦ ለፈጠራው መብት የተሰጠበት ቀንና ዓመት።
ሠ. የለውጥ ምልክት፦ መሣሪያው ከተሠራ በኋላ መሻሻሉን ወይም መለወጡን የሚያስረዳ።
ረ. የፈተና ማኅተም፦ የቱቦውን ብርታት በተኩስ የፈተነ ባለ ሥልጣን የሚመታው።
ሰ. የርክክብ ማኅተም፦ መንግሥት መሣሪያውን መርምሮ ሲቀበል የሚመታው።
ቀ. የንብረት ምልክት፦ ባለቤቱን የሚያመለክት፤ እንደ ይሁዳ አንበሳና እንደ እንግሊዝ ቀስት ያለው።
በ. መለያ ቁጥር፦ አንዱን መሣሪያ ከሌላው የሚለይ፤ ፊደል ካለው ፊደሉን ጨምሮ።

«ማኅተም» የሚለውን ቃል ለፈተናና ለርክክብ ብቻ የወሰንነው በአማርኛ ማኅተም የባለ ሥልጣንን ማረጋገጫ ስለሚያመለክት ነው። ሠሪው ስሙን ይጽፋል፤ ባለቤቱ ምልክቱን ያደርጋል፤ የሚያትም ግን ሥልጣን ያለው ነው።

በመዝገበ ቃላትም የጠመንጃ ስም ፍች ሦስት ነገሮችን ቢይዝ መልካም ነው፤ እነርሱም የቃሉ ምንጭና የገባበት መንገድ፣ በሕዝብ አነጋገር የሚሸፍናቸው ዓይነቶች፣ በብረቱ ላይ የሚነበበው ናቸው። ለምሳሌ፦

ውጅግራ፤ ስም። ከፈረንሳይኛ «ፉዚ ግራ» በንግግር የገባ። የፈረንሳይ የ1874 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጠመንጃ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት የሚጎርስ፣ 11 ሚሊ ሜትር። ከ1866 ሞዴል የተለወጠውንም ይጨምራል። በብረቱ ላይ የፋብሪካውና የሞዴሉ ስም እንጂ «ግራ» የሚል የለም።

ምንሽር፤ ስም። ማንሊኸር ከሚለው የኦስትርያዊ ሠሪ ስም። የማንሊኸር ዓይነት የጥይት ማቀፊያ ያላቸው ጠመንጃዎች፤ በተለይ የኦስትርያው የ1895 እና የኢጣሊያው የ1891 ሞዴል (እ.ኤ.አ.)። ዓይነቱ የሚለየው በማኅተሙ ወይም በጥይቱ ነው።

መደምደሚያ

የጠመንጃ ስም የሰሚውን ጆሮና የጠሪውን ልማድ ይዞ ቆይቷል። ማኅተሙ የፋብሪካውን፣ የፈታኙን፣ የመንግሥቱን ሥራ ይዟል። ውጅግራ ያለ ሰው ስለ ሴንት ኤቲየን ምንም ሳያውቅ እውነት ተናግሯል፤ በሴንት ኤቲየን «ሞዴል 1874» ብሎ የቀረጸውም ሰው ውጅግራ የሚለውን ስም ሳይሰማ እውነት ጽፏል። የተርጓሚና የቃላት አጥኚ ድርሻ ሁለቱን በየስፍራቸው አቁሞ ማስነበብ ነው። በየቤቱና በየቤተ መዘክሩ ያሉት አሮጌ ጠመንጃዎች በዝገትና በመወልወል ብዛት ጽሑፋቸው ከቀን ወደ ቀን እየጠፋ ነው፤ ስማቸውን በትክክል የሚያውቁ ሽማግሌዎችም እየተለዩን ነው። ስለዚህ መዝጋቢው አንድን ጠመንጃ በሚመዘግብበት ጊዜ በብረትና በእንጨቱ ላይ ያለውን ፊደልና አኃዝ ሁሉ ሳይመርጥ ይገልብጥ፤ ከጎኑም ባለቤቱ ጠመንጃውን የሚጠራበትን ስም በራሱ አነጋገር ይጻፍ።